የዙቤዳን ሰርግ ማን አቆመው?

ሃምሳ አለቃ ጉልላት ጡረታ የወጡት ከትራፊክ ፖሊስ መሥሪያ ቤታቸው እንጂ ከመንገድ አይደለም። ዛሬም ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ገቢውን በቀኝ፣ ወጪውን በግራ ያሰልፋሉ። ዓለም ባንክ አካባቢ ሰርግ ሲኖር ከሙሽራው በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሙሽራው ቢቀር ሰርጉ ይዘገያል፤ እሳቸው ከቀሩ ግን ቡፌው ጋ ሰው ከሰው ይጋጫል፣ ክትፎ ከሩዝ ይላተማል። እሳቸው ቤት የእንግዳ ጫማ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ነው የሚቆመው። «በኋላ ስትወጡ ኋላ ማርሽ ከማስገባት ያድናችኋል» ይላሉ። በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሰው ዘና ብለው ያፏጩ እንደሆነ፣ አጥሩ ማዶ አንድ ሚኒባስ ፍሬን ይይዛል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰብሌ ሲያማርሩ፣ «እኔ የተዳርኩት ለባል መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለትራፊክ መብራት ኖሯል። ቀይ ሲሆን ዝም እላለሁ፣ አረንጓዴ ሲሆን እናገራለሁ» ይላሉ። ይህን የሚሉት ግን ሁልጊዜ ቀይ ላይ ነው።

ጦር ኃይሎች መጋጠሚያ ላይ ነጭ ጓንት አጥልቀው የኖሩት ዕድሜ ከአንዳንድ ዛፍ ዕድሜ ይበልጣል። አንድ የሚኒባስ ሹፌር በሕልሙ አይቷቸው፣ ጠዋት ሳይጠራ መንጃ ፈቃዱን ይዞ መጥቶ «ይቅጡኝ» አለ ይባላል። ሃምሳ አለቃ ይህን ወሬ አያስተባብሉም። እሳቸው ራሳቸው የሚኮሩበት ግን በሌላ ነገር ነው። «በእጄ ሰርግ ቆሞ አያውቅም! ባለሥልጣን አቁሜያለሁ፣ ሲኖትራክ አቁሜያለሁ፣ የገዛ አማቼን አቁሜያለሁ። ሰርግ ግን አላቆምኩም!»

ይህን ሲሉ ሁሉም ሰው አንገቱን ይነቀንቃል፤ ከዙቤዳ በቀር።

ዙቤዳ የሰይፈዲን ሚስት ናት፤ ሰይፈዲን ደግሞ ዋናው መንገድ ዳር የቧንቧና የሴራሚክ ሱቅ ያለው፣ የሃምሳ አለቃ ጎረቤትና የሁልጊዜ የሻይ ጓደኛ ነው። ዙቤዳ ለአዲስ ሰው ሃምሳ አለቃን የምታስተዋውቀው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። «ተዋወቂያቸው፣ ሃምሳ አለቃ ጉልላት ይባላሉ። ሰርጌን ያቆሙት እሳቸው ናቸው።» እየሳቀች ነው የምትለው። ሳቋ ግን ሃምሳ አለቃ ደረት ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ይሰነቀራል።

ነገሩ የቆየ ነው። በሰርጓ ቀን ዙቤዳ ከቀትር ጀምሮ ቬሎዋን ለብሳ፣ ተኩላና ተቀብታ አባቷ ቤት ሙሽራውን ስትጠብቅ ዋለች። ሙሽራው አልመጣም። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘነበለች፤ እሱ አሁንም የለም። አባቷ፣ ሰፈር ሙሉ በቅንድባቸው የሚያስተዳድሩ ሰውዬ፣ «ቬሎው ከሚባክን አላፊ አግዳሚ ጥሩልኝ!» እስከማለት ደረሱ። ኩሉ ወረደ። በፎቶው ላይ ዙቤዳ ሁለት ሰው መስላ ነው የወጣችው፤ ከዓይኗ በላይ ሙሽራ፣ ከዓይኗ በታች አልቃሽ። ሰይፈዲን ሊመሽ ሲል ደረሰና አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

«ጦር ኃይሎች ላይ ትራፊክ አቆመን።»

ያቺ ዓረፍተ ነገር ትዳሩን አዳነች። ከዓመታት በኋላ ሃምሳ አለቃ ዓለም ባንክ ቤት ሠርተው ሲገቡ ግን፣ ሰፈሩ ሁሉ ደምሮ ደረሰበት፤ ያን ጊዜ ጦር ኃይሎች ላይ የሚቆም ትራፊክ ሌላ ማን ነበር? እሳቸው ሺህ ጊዜ ማሉ። ግን ትራፊክ «አላቆምኩም» ብሎ ሲምል ማን ያምናል? ጅብ «ቁርበቱ ላይ ተኛሁበት እንጂ አልቀመስኩትም» ቢል ማን ሊያምነው!

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ ይቀጥል ነበር፣ ነኢማ ባታገባ ኖሮ። ነኢማ የሰይፈዲንና የዙቤዳ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ሰርጓ ከዒድ ማግሥት ተቆረጠ። ሃምሳ አለቃ ገና ወሬውን ሲሰሙ ነጭ ጓንታቸውን አሳጥበው ገመድ ላይ አሰጡ። ያን ዕለት ማታ ግን ዙቤዳ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ለሰብሌ እንዲህ አለች።

«ሰብልዬ፣ ለሃምሳ አለቃ ንገሪልኝ። በነኢማ ሰርግ ተጋብዘዋል፣ ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ይመርቁ። አጀቡን ግን እንዳይነኩብኝ። እናቲቱን አንዴ አቁመዋል፣ ይበቃቸዋል።»

ሰብሌ ከት ብለው ሳቁ። ሃምሳ አለቃ አልሳቁም። ወጥተው ጓንታቸውን ከገመዱ ላይ እርጥቡን አንስተው አጣጥፈው ከተቱት። የጎረቤት ልጅ ሰርግ ላይ፣ ያውም በእጃቸው ላይ ያደገች ልጅ ሰርግ ላይ፣ እንደ ማንኛውም ጡረተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለስላሳ መጠጣት! «ለዚህ ነው እንዴ ጦር ኃይሎችን ያህል መጋጠሚያ ያስተዳደርኩት?» አሉ ለጓንቱ።

አላህ ያያል፣ እግዜርም ያያል፤ በዚያው ሰሞን ጦር ኃይሎች የባነር ማተሚያ ቤት ያለው ኢርፋን መንገድ ላይ ያዛቸው። ኢርፋን ድሮ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጺ ነበር፤ በምዕራብ አዲስ አበባ የተዳረ ሰው ሁሉ በእሱ ካሜራ ፊት ኬክ ጎርሷል።

«ጋሼ ጉልላት፣ ምሥራች! ሱቄን ሳጸዳ የሰይፈዲን ሰርግ ጥሬ ካሴቱ ተገኘ።»

«እነሱ ቤት ካሴት አለ አይደል እንዴ? ዙቤዳ ስንቴ አሳይታናለች!»

«እሱ የተቆረጠው ነው። ከሙሽራው ቤት ይወጣሉ፣ ከዚያ ልብ ይመጣል፣ ልቡ ውስጥ ሁለት ርግብ ይበራል፣ ርግቡ ሲያርፍ ሙሽሪት ቤት ደርሰዋል። ጦር ኃይሎችን የሸፈንኩት በርግብ ነው። ጥሬው ላይ ግን ሁሉም አለ።»

«እና ማን ነው ያቆመው? አንተ አልነበርክም እንዴ?»

«እኔ ዕድሜ ልኬን ሰርግ ቀረጽኩ እንጂ ሰርግ አይቼ አላውቅም። ዓይኔ ካሜራው ውስጥ ነበር። ፍላሽ ላይ ገልብጬልዎታለሁ፣ እርስዎ ይዩት።»

ሃምሳ አለቃ ያቺን የጣት ቁራጭ የምታህል ፍላሽ በደረት ኪሳቸው ከተው፣ ኪሱን ቆልፈው፣ ቁልፉ ላይ እጃቸውን ጭነው ወደ ቤት ገቡ። ቤት ኮምፒዩተር አለ። ሐዋሳ ያገባችው ልጃቸው ርሆቦት ትታው የሄደችው ነው፤ ከፊቱ ጀርባው የሚበልጥ፣ ጥልፍ ዳንቴል ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ የሚኖር። አበባውን አውርደው፣ ዳንቴሉን ገፈው አበሩት። ተንጎራጎረ፣ አጓራ፣ ጠረጴዛውን አንቀጠቀጠው።

«ወፍጮ ቤት ተከፈተ እንዴ?» አሉ ሰብሌ ከጓዳ። «ጤፍ ላምጣ?»

ሃምሳ አለቃ እውነት ከጎናቸው ስለሆነች አስቀድሞ መሞከር አላስፈለጋቸውም። በቀጥታ ሰይፈዲንንና ዙቤዳን አስጠሩ። እንግዶቹ ተቀመጡ፤ ሃምሳ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ በመጣው ማጫወቻ ካሴቱን ከፈቱት።

ምስል የለም። ስክሪኑ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከጨለማው ውስጥ ግን የመኪና ጥሩምባ፣ ከበሮ፣ እልልታ ይሰማል። ከዚያ አንድ ረጅም ፊሽካ። ከዚያም ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮህ የወንድ ድምፅ።

«አቁም! አቁም! አቁም እንጂ!»

ዙቤዳ በደስታ ከመቀመጫዋ ዘለለች። «ይኸው! ይኸው! በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ኮምፒዩተራቸው!»

«የኔ ድምፅ አይደለም!» አሉ ሃምሳ አለቃ። «እኔ በፊሽካ እንጂ በአፌ ሰው አቁሜ አላውቅም!»

«ፊሽካውስ የማን ነው?»

«ፊሽካው የኔ ነው። ግን የእለፍ ፊሽካ ነው!»

«የእለፍና የቁም ፊሽካ ይለያያል እንዴ?»

«ለሠለጠነ ጆሮ ይለያያል።»

«እኔ ያን ቀን የሠለጠነ ጆሮ አልነበረኝም፤ ቬሎ ነው የነበረኝ» አለች ዙቤዳ። «ሰይፉ፣ የማን ድምፅ ነው? አንተ እኮ እዚያው ነበርክ።»

ሰይፈዲን ድምፁን ከሰማ ጀምሮ እንደ አዲስ ሴራሚክ ነጥቶ ተቀምጧል። «እ... ድምፅ እኮ... ሰው ሁሉ ድምፅ አለው» አለና ቆሞ ቧንቧ የሚያወርድለት መኪና እንደመጣ አስታወሰ። መኪና አልመጣም ነበር።

ሃምሳ አለቃ በማግሥቱ ኢርፋን ዘንድ ደረሱ። ኢርፋን የኮምፒዩተሩን ሕመም እንደ ሐኪም አዳመጠና፣ «ድምፁን መስማት ችሏል፣ ምስሉን የሚፈታበት ነገር ግን የለውም። ሌላ ማጫወቻ መጫን አለበት» አለ። ከዚያ ጠየቃቸው። «ኮምፒዩተሩ ሠላሳ ሁለት ቢት ነው፣ ስልሳ አራት?»

«ስልሳ አራትስ እኔ ነኝ። እሱ ርሆቦት ኮሌጅ ስትገባ ነው የተገዛው።»

ኢርፋን ሳቁን በባነር ሸፍኖ አዲሱን ማጫወቻ ሰጣቸው። ቤት ሲወስዱት ኮምፒዩተሩ አልቀበልም አለ፤ ለእኔ ዕድሜ አይሆንም የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ጽፎ መለሰው። ተመልሰው መጡ። ኢርፋን ፈልጎ ፈልጎ ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሚሆን አሮጌ ማጫወቻ አገኘላቸው። «አቻ ላቻ ነው ጋሼ። ሽማግሌ ከሽማግሌ ነው የሚጫወተው። ኔክስት፣ ኔክስት እያሉ ይጨርሱታል። ሲጨርስ ራሱ ፊት ለፊት ብቅ ይላል። ሲከፍቱት ሦስት ማዕዘኑ ማጫወቻ ነው፣ ሁለቱ ዘንግ ማቆሚያ፣ አራት ማዕዘኑ ደግሞ...»

«ገባኝ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ሦስት ማዕዘኑ እለፍ፣ ሁለቱ ዘንግ ቁም። በመንገድ ላይ ከዚህ ሌላ ሦስተኛ ነገር የለም።»

መጫኑ ግን «ኔክስት» እንደማለት ቀላል አልሆነም፤ ሃምሳ አለቃ ሕግ አክባሪ ናቸውና። መጀመሪያው ገጽ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ውል ወጣ። በዓለም ላይ ይህን ውል እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው የለም፤ የጻፈውም ሰውዬ መሀል ላይ ደክሞት ሳይተወው አይቀርም። ሃምሳ አለቃ ግን መዝገበ ቃላት አስመጥተው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ እያንዳንዱን አንቀጽ እንደ ክስ ወረቀት አነበቡት።

«ምን ይላል?» አሉ ሰብሌ።

«ቢበላሽ ጠያቂ የለም ይላል።»

«እንደ ውሃ ፈረቃው ነዋ። በል ተስማማ፣ ምሳ ቀዘቀዘ።»

ተስማሙ። ኔክስት አሉ፣ ኔክስት አሉ፣ ጨረሱ። ስክሪኑ ላይ አንድ ምልክት ብቅ አለ። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ከማውዙ ላይ እንደ ጋለ ብረት አነሱት።

ኮን ነው። ብርቱካንማ፣ ነጭ ቀለበት የታሰረለት፣ ጫፉ የሾለ፣ መንገድ ሲጠገን ለመዝጊያ የሚተከለው ትክክለኛው የመንገድ ኮን።

«ሰብሌ፣ ተዘግቷል» አሉ።

«ምኑ?»

«መንገዱ። ኮን አስቀምጠዋል። ውስጥ እየሠሩ ነው ማለት ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይነካዋል። እሳቸው ግን ኮን የጣሰ ሹፌር ስንት ጊዜ ቀጥተዋል! ኮን ገፍቶ ያለፈ ታክሲ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ወራጅ አለ!» ሲል ያዩ ሰው ናቸው። ስለዚህ በየጠዋቱ ኮምፒዩተሩን ያበራሉ፣ ወፍጮው ይጮኻል፣ ኮኑ መኖሩን ያያሉ፣ «ገና ናቸው» ብለው ያጠፋሉ። ሰይፈዲን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው በጉጉት ይጠይቃል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ምስሉ ተገኘ?»

«ጥገና ላይ ነው።»

ሰይፈዲን ፊቱ እንደ አምፖል ይበራል። «አይቸኩሉ! መንገድ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል። ቢፈጥኑ ነው የሚበላሸው።» እንዲያውም ዕለቱን አንድ ኪሎ ብርቱካን ይልክላቸዋል። ዙቤዳ በበኩሏ በአጥሩ ላይ ትጮኻለች። «ሃምሳ አለቃ! በዚህ በኛ ኮልፌ ውስጥ ተቆፍሮ የተከፈተ መንገድ አይተው ያውቃሉ? እኔ ነኢማን ድሬ፣ የልጅ ልጅ አቅፌ ነው የሚከፈትልዎት!»

ይህ እውነትነት ያለው ስድብ ስለሆነ አስጨነቃቸው። ሰርጉ እየቀረበ ነው። ድንኳን ተከራዩ፣ ዲኮር ተመረጠ፣ አጀቡን የሚመራ ሰው ደግሞ ሊፈለግ ነው አሉ፤ አንድ ሞተር ሳይክል ያለው የዙቤዳ የአጎት ልጅ። ሞተር ሳይክል! ሃምሳ አለቃ ይህን ሲሰሙ ጃኬታቸውን ገልብጠው ለብሰው ኢርፋን ዘንድ ሄዱ።

«ኢርፋን፣ በግልጽ ንገረኝ፤ ያ መንገድ መቼ ነው የሚከፈተው?»

«የቱ መንገድ ጋሼ?»

«ኮምፒዩተሩ ነዋ! ኮኑን አስቀምጠው ጠፉ እኮ ሰዎቹ።»

ኢርፋን መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሊታተም የተዘረጋው ባነር ላይ ወደቀ፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው ጽሑፍ ላይ ተንከባለለ። እንባውን እየጠረገ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ኮኑ ራሱ እኮ ነው ማጫወቻው! መልኩ ነው። ሰዎቹ ሲሠሩት ምልክታቸው እሱ ነው።»

«ኮኑን ልርገጠው ነው የምትለኝ?»

«ሁለቴ ይርገጡት!»

እሑድ ከአስር ሰላት በኋላ ሁሉም ሃምሳ አለቃ ቤት ተሰበሰቡ። ሰይፈዲን ሴራሚክ ልቆጥር ነው፣ ጥርሴን አሞኛል፣ ዘመድ ሞቶብኛል ብሎ ነበር። ዙቤዳ «ከዚህ ስንመለስ የሞተውን ዘመድ አብረን እንቀብረዋለን» ብላ እጁን ይዛ አመጣችው። ሃምሳ አለቃ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጡ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፣ እንደገና ወደ ግራ አዩ፤ ከዚያ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮን ጣሱ። ሁለቴ።

ምስል መጣ!

ጦር ኃይሎች፣ የድሮው ጦር ኃይሎች፣ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ የሞላበት። ኢርፋን ከፊት በምትሄድ ፒካፕ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ እየቀረጸ ነው። መጋጠሚያው መሀል አንድ ሽቦ የመሰለ ቀጭን ትራፊክ በነጭ ጓንት ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ በግራ አንድ አውቶቡስ፣ በቀኝ አንድ አሸዋ የጫነ መኪናና ሦስት አህያ ይዞ ቆሟል። ጀርባውን ለአጀቡ ሰጥቷል። መንገዱ ለሙሽራው ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«አንተ!» አሉ ሰብሌ። «እንዲህ ነበርክ እንዴ? ይሄ ሁሉ ወገብ የት ሄደ?»

ረጅሙ ፊሽካ ተሰማ። የሙሽራው ነጭ መኪና መጋጠሚያው ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ በመስኮቱ አንድ ጎፈሬ ብቅ አለ፤ ከጎፈሬው ሥር የሰይፈዲን ፊት ነበር። «አቁም! አቁም! አቁም እንጂ!» ሹፌሩ አቆመ።

ዙቤዳ አንገቷን ቀስ አድርጋ ወደ ባሏ አዞረች። ሰይፈዲን ዛሬ ጎፈሬ የለውም፤ የሚሸሸግበት ነገር አልነበረውም።

ሃምሳ አለቃ ለዚህች ቅጽበት ንግግር አዘጋጅተው ነበር። «ፍትሕ ትዘገያለች እንጂ» ብሎ የሚጀምር፣ ሰብሌ በቃላቸው እስኪያውቁት ድረስ የተለማመዱት። አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ግን ስክሪኑ ላይ ነበርና ሳይጀምሩት ቀሩ።

ሙሽራው ከመኪናው ወረደ። ደረቱ ላይ አበባ ሰክቷል። መንገድ ዳር ያለ ሊስትሮ ፊት ሄዶ ዱካው ላይ ተቀመጠና ቀኝ እግሩን ዘረጋ። ሊስትሮው ወለወለ፤ ግራውን ዘረጋ፤ ወለወለ። ሙሽራው ቀኙን እንደገና ዘረጋ። «ድገመው» ሲል ይሰማል። ሚዜዎቹ አንዱ ክንዱን ይጎትታል፣ አንዱ ሰዓቱን ያሳየዋል፣ አንዱ በአላህ ስም ይለምነዋል። «ግራውንም ድገመው።» ኢርፋን፣ ያ ካሜራ እንጂ ሌላ ነገር የማያውቅ ሰው፣ ሙሽራውን አቀረበው፣ አቀረበው፣ ፊቱ ስክሪኑን ሞላው። ላቡ ከጎፈሬው ሥር ይንቆረቆራል። ከንፈሩ ደርቋል።

ሃምሳ አለቃ ዞር ብለው ወንበሩ ላይ ያለውን ሰይፈዲን አዩት። ጎፈሬው ይቀነስ እንጂ ፊቱ ያው ነው፤ ላቡም ያው ነው። ሰይፈዲን በዓይኑ ብቻ ለመናቸው። በዚያ ዓይነት ዓይን የለመናቸው ሹፌር ብዙ ነው፤ ለአንዱም አዝነው አያውቁም። ዛሬ ግን እጃቸው ሳያዟት ሄደችና ሁለቱን ዘንግ ተጫነች።

«ቁም!»

ቆመ። ችግሩ፣ ቁም የተባለ ነገር ባለበት ነው የሚቆመው። የሰይፈዲን ፊት ስክሪኑን እንደሞላ፣ አንድ የላብ ጠብታ አፍንጫው ጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለች፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ ፈጥጦ ቀረ። አራት ማዕዘኑ ቢሆን ያጠፋው ነበር። አራት ማዕዘኑን ግን ሃምሳ አለቃ አልተማሩትም።

«ተበላሸ» አሉ። «ያው፣ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው።»

«አልተበላሸም» አለች ዙቤዳ። ተነሥታ ስክሪኑ አጠገብ ቆመች፤ ያንን ፊት ረጅም ጊዜ አየችው። «ሰይፉ።»

«ጫማዬን አቧራ ነክቶት ነበር» አለ ሰይፈዲን።

«ሁለት ጊዜ?»

«የኮልፌ አቧራ...»

«ሰይፈዲን!»

ሰይፈዲን መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ፈራሁ። አባትሽ በሽምግልናው ቀን ‹ልጄን የሚወስድ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የሚወስዳት› ብለውኝ ነበር። ዓይናቸውን አስቤ እዚያ ስደርስ መኪናውን አስቆምኩ። ጫማዬን እያየሁ ቁጭ አልኩ። ሊስትሮው ራሱ በመጨረሻ ‹ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ ቆዳው አይችልም› ብሎ ነው ያስነሳኝ።»

ሰብሌ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሃምሳ አለቃ የዙቤዳን ቁጣ ጠበቁ፤ ንጹሕነታቸው እንዲህ ባለ ሰዓት ባይመጣ ይሻል ነበር እያሉ። ከዚያ የዙቤዳ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሲያዩዋት እየሳቀች ነው።

«አባዬን ፈርተህ!» አለች። «እሳቸውን የማይፈራ ማን ነበር? እኔ ራሴ አንተን ያገባሁህ እሳቸውን ፈርቼ አይደል እንዴ?»

«ምን አልሽ?»

«ምንም አላልኩም።» ወደ ሃምሳ አለቃ ዞረች። «ሃምሳ አለቃ፣ ይልቀቁት። ይምጣ።»

ሃምሳ አለቃ ሦስት ማዕዘኑን ተጫኑ። ሙሽራው ከዱካው ተነሣ። የላብ ጠብታዋ ወደቀች። ወደ መኪናው ገባ። ኮምፒዩተሩ ይህን ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ አቅቶት አጀቡን ይጎትተዋል፣ ያቆመዋል፣ ይጎትተዋል፤ ሙሽራው ከጦር ኃይሎች ለመነሣት ዘንድሮም ሊመሽበት ነው። ዙቤዳ ግን ሙሽራውን አይደለም የምታየው፤ መጋጠሚያው መሀል ያለውን ቀጭን ሰውዬ ነው። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይነፋበታል፣ የአሸዋው ሹፌር ይሰድበዋል፣ አህዮቹ ሊያልፉ ይገፉታል። እሱ ሁለት እጁን እንደዘረጋ ነው።

«ይህን ሁሉ ጊዜ እጅዎን ዘርግተው ነው የጠበቁኝ?» አለች በቀስታ።

«ሰርግ ነዋ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ሰርግ እንዴት ይቆማል?»

ዙቤዳ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ወይ ከሳቁ ነው፣ ወይ ከሌላ ነገር። ከዚያ የሰፈር ሴት ሆና ተመለሰች። «እንግዲያው የነኢማን ቀን ጦር ኃይሎች ላይ እርስዎ ይቁሙልኝ። ሞተር ሳይክሉን ልጅ እኔ እነግረዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ።»

«ምን?»

«መንገዱ ላይ አንድም ሊስትሮ እንዳላይ።»

«ይሄ ሰውዬ እኮ ጡረታ ወጥቷል!» አሉ ሰብሌ። «በምን ሥልጣኑ ነው መንገድ የሚዘጋው?»

ሃምሳ አለቃ አልሰሟቸውም። ተነሥተው የሻይ ብርጭቆዎቹን ወለሉ ላይ እየደረደሩ ነበር፤ ይሄ የቤተል መንገድ፣ ይሄ የአየር ጤና መንገድ፣ የስኳሩ ዕቃ የሙሽራው መኪና። የብርቱካኑን ልጣጭ አሸዋ የጫነ መኪና አደረጉት። የስኳሩን ዕቃ በቀስታ ወደ መጋጠሚያው ገፉና ቆም አሉ።

«ሰይፈዲን፣ እግርህን ሰብስብ» አሉ። «መንገድ ዘግተሃል።»